በሲሊካ ዙሪያ የተጣበቀው ጎማ፦ የኒውትሮን ብተና ለጎማ ቅይጥ ቁሶች ጥናት

መግቢያ

የመኪና ጎማ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከፖሊመሩ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ከሚደባለቁት የካርቦን ብላክና የሲሊካ ቅንጣቶች ጭምር ነው። በተለይ ሲሊካ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በስፋት ጥቅም ላይ የዋለው፣ ጎማው ሲንከባለል በሙቀት መልክ የሚባክነውን ኃይል ስለሚቀንስና በእርጥብ መንገድ ላይ የመያዝ ብቃቱን ስለሚያሻሽል ነው።

በእንዲህ ያለ ቅይጥ ላይ የሚደርሰው የመለጠጥ መጠን ሲጨምር ግትርነቱ በፍጥነት ይቀንሳል። ይህ ባሕርይ የፔይን ክስተት በመባል ይታወቃል። ለክስተቱ ሁለት ዋና ማብራሪያዎች ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የመሠረቱት መረብ ይበጣጠሳል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በቅንጣቶቹ ገጽ ላይ ተጣብቆ የቆየው የፖሊመር ንብርብር ይላቀቃል ይላል። የሁለቱን ድርሻ ለመለየት ንብርብሩን ከሲሊካውም ከነፃው ጎማም ነጥሎ ማየት ያስፈልጋል።

የስልቱ መርሕ

ኤክስሬይ የሚበተነው በኤሌክትሮኖች ነው። ስለዚህ ሲሊካን ከጎማ በሚገባ ይለያል፤ የተጣበቀውን ጎማ ከነፃው ጎማ ለመለየት ግን ይቸገራል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፖሊመር ናቸውና። ኒውትሮን በአንጻሩ የሚበተነው በአቶም አስኳል ነው። የተራ ሃይድሮጅን የብተና ርዝመት −3.74 ፌምቶሜትር ሲሆን የዲዩቴሪየም +6.67 ፌምቶሜትር ነው። በኬሚካዊ ጠባያቸው እጅግ የሚቀራረቡት ሁለቱ አይሶቶፖች ለኒውትሮን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

በዚህ ልዩነት ለመጠቀም ናሙናው በቶሉይን ተነክሮ እንዲያብጥ ይደረጋል። ነፃው ጎማ ፈሳሹን በብዛት ይመጥጣል፤ በሲሊካው ገጽ የተያዘው ግን በጥቂቱ ብቻ ስለሚያብጥ በፖሊመር የበለጸገ ሆኖ ይቆያል። የተራ ቶሉይን የብተና ርዝመት እፍጋት 0.94፣ በዲዩቴሪየም የተተካው ደግሞ 5.7 ገደማ ነው (በ10¹⁰ ሴሜ⁻²)። የሲሊካ እፍጋት በሁለቱ መካከል፣ 3.5 አካባቢ፣ ይገኛል። ስለሆነም ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው ፈሳሽ ዲዩቴሪየም ያለው ሲሆን፣ ሲሊካውና ፈሳሹ ለኒውትሮን አንድ ይሆናሉ፤ የሚታየውም ፖሊመሩ ብቻ ይሆናል። በተራ ቶሉይን ውስጥ ደግሞ በአብዛኛው ጎልቶ የሚታየው ሲሊካው ነው።

ውጤትና ውስንነት

ልኬቱ በተለያዩ የፈሳሽ ድብልቆች ሲደጋገም ከእኩልታዎቹ ሦስት ክፍሎች ይለያሉ፦ የሲሊካ ከሲሊካ፣ የፖሊመር ከፖሊመር እና የሲሊካ ከፖሊመር ዝምድና። ስለ መጣበቅ በቀጥታ የሚናገረው ሦስተኛው ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት በዚህ ስልት ተጠቅመው፣ ባበጠ ጎማ ውስጥ በሲሊካው ዙሪያ የተጣበቀ የፖሊመር ንብርብር መኖሩን አሳይተዋል።

ይሁንና ስልቱ ዋጋ ያስከፍላል። የሚለካው ያበጠ ጎማ እንጂ በመንገድ ላይ የሚሽከረከረው ደረቅ ጎማ አይደለም። ማበጡ የቅንጣቶቹን ርቀት ይለውጣል። በናሙናው ያለው ተራ ሃይድሮጅንም በሁሉም አቅጣጫ የሚበተን ዳራ ስለሚፈጥር ደካማ ምልክቶችን ይሸፍናል። የሃይድሮጅን አስኳሎችን ስፒን በብርቱ ማግኔታዊ መስክና በእጅግ ዝቅተኛ ሙቀት በአንድ አቅጣጫ ማሰለፍ ያለ ማበጥ ንፅፅርን ለመለወጥ ያስችላል፤ ነገር ግን ጎማው በዚያ ሙቀት የመለጠጥ ጠባዩን ያጣል።

ማጠቃለያ

የኒውትሮን ብተና ሌሎች መሣሪያዎች በቀላሉ የማይደርሱበትን የተጣበቀ ንብርብር ለይቶ ያሳያል። የንብርብሩ መኖር ብቻውን ግን የፔይንን ክስተት አያስረዳም። ለዚህም የብተናው ውጤት በደረቅ ናሙና ላይ ከሚደረግ የኤክስሬይ ልኬትና ከሜካኒካዊ ፍተሻ ጋር ተገናዝቦ መነበብ ይኖርበታል።