ድምፅ ሲዘጋ፦ ጉሮሮ ነው ወይስ ልብ?

ኻልዴ፣ ከቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ በስተደቡብ፣ ሰው ቤት የምትሠራ እህት ድምፅዋ ሲዘጋ ጓደኞቿ «ብርድ ነው፣ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ» ይሏታል። ማዳሟ ፓናዶል ትሰጣታለች። አገር ቤት ስትደውል ደግሞ «እንጥልሽ ወርዶ ነው» ትባላለች።

ዝንጅብሉ አይጎዳም። አብዛኛው የድምፅ መዘጋት ከጉንፋን ወይም ከመጮህ የሚመጣ ነው፤ በሩ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት የክሎር ሽታ መተንፈስም ጉሮሮ ያስቆጣል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ደም ያፈስሳል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ድምፅም አይመልስም።

አንዳንዴ ግን ድምፅ የሚዘጋው ከልብ የተነሣ ነው። «ልብ ቢታመም ደረት ይወጋል እንጂ ጉሮሮን ምን አገባው?» ለሚሉ መልሱ አንድ ነርቭ ነው። የግራውን የድምፅ አውታር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከአንጎል ተነሥቶ በቀጥታ ጉሮሮ አይገባም። ደረት ድረስ ይወርድና ከልብ በሚወጣው ትልቅ የደም ቧንቧ ሥር ዞሮ ተመልሶ ይወጣል። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ቧንቧ በግፊት ሲወጠር፣ ወይም ትልቁ ቧንቧ ራሱ ሲያብጥ፣ ነርቩ ይጨፈለቃል፤ ድምፅ ይሻክራል። የቪየናው ሐኪም ኖርበርት ኦርትነር እ.ኤ.አ. በ1897 ይህን የጻፈው ሚትራል የተባለው የልብ ቫልቭ በጠበበባቸው ሕሙማን ላይ ነው።

ይህ ቫልቭ በአገራችን የሚጠብበው በአብዛኛው በልጅነት ቶንሲል ነው። «ቶንሲል ሲለቅ አበቃ» ይባላል፤ አላበቃም። በባክቴሪያ የመጣና በፔኒሲሊን ያልታከመ ቶንሲል በአንዳንድ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትላል፤ ትኩሳቱ ቫልቩን ያቆስላል፣ ጠባሳው ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል። ከጉሮሮ የተነሣው በሽታ በልብ ዞሮ ጉሮሮ ይመለሳል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ብዙ አያጋጥምም፤ አትደንግጪ። ግን ድምፅሽ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ፣ ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ሌሊት ሁለት ሦስት ትራስ ካስደረደረሽ፣ እግርሽ ካበጠ ወይም ደም ካሳለሽ በጉሮሮ ከረሜላ አትታለዪ። ለሐኪሙ በዐረብኛ «ሳውቲ ማብሑሕ» (ድምፄ ሻክሯል) በዪ፤ በልጅነትሽ መገጣጠሚያሽ አብጦ ወይም በየወሩ መርፌ ትወጊ ከነበረ እሱንም ንገሪው፤ የልብ አልትራሳውንድም (ኤኮ) ጠይቂ። ትንፋሽ ድንገት ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ የማዳምን ፈቃድ አትጠብቂ፤ የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 140 ነው።