ደብር ማለት ተራራ ነው፦ ዝቋላን ለእንግዳ መምህር ማስረዳት

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ ከአንድ ቃል ይነሳል። ቃሉ «ደብር» ነው። ሜዳ ላይ የተሠራውንም፣ ገበያ አጠገብ ያለውንም ቤተ ክርስቲያን ደብር እንለዋለን። በግዕዝ ግን ደብር ማለት ተራራ ነው። የጥንት መነኮሳት ከሰው ርቀው ተራራ ላይ ስለሰፈሩ የቦታው ስም ለቤቱ ተላለፈ። ደብረ ዳሞ፣ ደብረ ሊባኖስ ብለን ስንጠራ ሳናውቀው ተራራ እየጠራን ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ነገር እንዳስብ ያደረጉኝ የአጭር ጊዜ የቋንቋ ኮርስ የሰጡን አንዲት ኮሪያዊት መምህርት ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው ለብቻው የቆመ ተራራ ያያል። እሳቸውም አዩትና ስሙን ጠየቁን። «ዝቋላ ነው» አልናቸው። ቀጥለው «ምን ይታያል?» ይሉናል ብዬ ስጠብቅ «እዚያ ማን ይኖራል?» አሉን። እኛ የአቃቂ ልጆች ተራራውን እያየን ነው ያደግነው፤ ጥያቄውን በቅጡ የመለሰ ግን አልነበረም። እስቲ አሁን ልሞክረው።

ዝቋላ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይደርሳል። አናቱ ላይ የድሮው የእሳት አፍ ውኃ ቋጥሮ ሐይቅ ሆኗል፤ ዙሪያውን ጽድ የበዛበት ጥብቅ ደን ከብቦታል። ገዳሙ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው፤ በተለምዶ «አቦ» የምንላቸው ጻድቅ። ገድላቸው ከግብፅ እንደመጡ፣ አንበሳና ነብር ይከተላቸው እንደነበር ይተርካል። በሐይቁም ውስጥ ቆመው ለኢትዮጵያ እንደጸለዩ ይነገራል። በዓላቸው ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ሲሆን ምእመኑ ከየአቅጣጫው ተራራውን ይወጣል። እኔም ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር ወጥቼ አውቃለሁ፤ ዳገቱን እስከዛሬ እግሬ ያስታውሰዋል። ተራራውና ሐይቁ በአካባቢው ኦሮሞ ዘንድም ከጥንት ጀምሮ የተከበሩ ናቸው። ስለዚህ ዝቋላ የአንድ ወገን ትዝታ ብቻ ያለበት ቦታ አይደለም።

ወደ መምህርቷ አገር እንሻገር። ኮሪያ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን በ1943 ዓ.ም. የዘመቱባት አገር ስለሆነች ስሟ ለእኛ አዲስ አይደለም። እዚያም ታላላቆቹ የቡድሂስት ገዳማት ያሉት ተራራ ላይ ነው። ይህ የሆነው ብቸኝነትን ፍለጋ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1392 ጀምሮ አገሪቱን የገዛው የቾሰን ሥርወ መንግሥት የኮንፊሺየስን ትምህርት ስለሚከተል የቡድሂስት ገዳማትን ከከተማ ገፍቷቸዋል። ተራራው መጠለያ ሆነላቸው። ጋያ በሚባለው ተራራ ላይ ያለው ሄይንሳ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጹ ከ80,000 በላይ የእንጨት መጽሐፍ ገበታዎች ጠብቆ አቆይቷል። በጃፓን ደግሞ ከተማ መሃል የተሠራ ቤተ መቅደስ እንኳ ከስሙ በፊት የተራራ ስም ይሰጠዋል። ልክ እንደ እኛ ሜዳ ላይ ያለ «ደብር» ማለት ነው!

ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ዋንጫን ከጃፓን ጋር ስታዘጋጅ፣ እንግዶች በገዳማት እንዲያድሩ የሚያስችል ፕሮግራም ጀመረች። ዛሬም በአገሪቱ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የውጭ ዜጎች ሳይቀሩ ይሳተፉበታል። እንግዳው ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ገደማ ይነሳል፤ ከመነኮሳቱ ጋር ይሰግዳል፤ ምግቡን ዝም ብሎ፣ ሳያስተርፍ ይበላል። 108 ጊዜ የሚሰገድበት ሥርዓትም አለ። 41 ኪርያላይሶን ስትል ያደረች እናት ላለችው ሰው ይህ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። እርግጥ እምነቱ ሌላ ነው፤ ቡድሃ ፈጣሪ ተብሎ አይመለክም። የሚመሳሰለው የኑሮው ሥርዓት ነው።

እንግዲህ «ማን ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። ለጎብኚ ተራራው እይታ ነው። ለሚኖርበት ግን ቤት ነው፤ የጸሎት ሰዓት፣ የሥራ ሰዓት፣ የዝምታ ሰዓት ያለው ቤት። በሰው አገር የሚኖርና የሚያስተምር ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል፤ እሱ ራሱ በየቀኑ የሰው ቤት እንግዳ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየአውራጃው ሲያስተምሩም አገሩን ያወቁት በካርታ ሳይሆን በጎረቤትና በተማሪ በኩል ነው።

ለመምህርቷ የነገርኳቸው ሥርዓት ከባድ አይደለም። መነኩሴን «አባ»፣ ሴት መነኩሲትን «እማሆይ» ብሎ መጥራት፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ማውለቅ፣ ነጠላ መልበስ፤ ጸበል የሚጠመቅ ሰው ምግብ ሳይቀምስ መሄድ፤ ፎቶ ከማንሳት በፊት ማስፈቀድ። ሐይቁም ለምእመኑ ጸበል ነው፤ የመዋኛ ቦታ አይደለም።

«መቼ ልሂድ?» ሲሉኝ ግን ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. የዝቋላን ደን እሳት በልቶታል፤ እሳቱን ለማጥፋት ከአዲስ አበባ ሳይቀር ወጣቶች ሄደው ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ 4 የገዳሙ መነኮሳት ታፍነው ተገደሉ። በዓል በመጣ ቁጥር ዳገቱን በእልልታ የሚወጣው ሕዝብ ዛሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ሰላም ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ከዚያ የመጣ ሰው እንጠይቅ፤ መንገዱ ሰላም ነው ካሉን እናቴም ትወስድዎታለች» አልኳቸው። የሚታየውን ውበት አሳይቶ የሚኖረውን ሰው ስጋት መደበቅ እንግዳን ማክበር አይመስለኝም።

ይህ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ትምህርት ነው። ስለ ዝቋላ የምንሠራው ፊቸር አብዛኛውን ጊዜ ሐይቁን፣ ደኑንና የበዓሉን ድምቀት ይዞ ያልቃል። ካሜራው ቀድሞ ይደርሳል፤ ጥያቄው ወደ ኋላ ይቀራል። ቀጣዩ የተግባር ሥራችን ወደ የትኛውም ደብር ቢሆን፣ ወደ መስጊድም ቢሆን፣ ማስታወሻ ደብተራችን ላይ ከ«ምን ይታያል» በፊት «ማን ይኖራል፣ ኑሮውስ እንዴት ነው» ብለን እንጻፍ። መልሱን ደግሞ ከነዋሪው አፍ እንስማ።