በድንጋይና በቸርኬ መካከል

እ.ኤ.አ. በ2014 ኦስትሪያ ውስጥ ሊዮጋንግ ላይ በተካሄደው የተራራ ብስክሌት የዓለም ዋንጫ የቁልቁለት ውድድር፣ አሜሪካዊው አሮን ግዊን ገና ከተራራው ሳይወርድ የኋላ ጎማው ተነፈሰበት። ሌላው ቢሆን ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ዳር ይወጣ ነበር። ግዊን ግን አልቆመም። ጎማው ከቦታው ለቀቀ፤ እሱ በባዶ ቸርኬ ሥሩንም ድንጋዩንም እየረገጠ እስከ መጨረሻው መስመር ወረደ። በዓመቱ እዚያው ሊዮጋንግ ላይ ደግሞ ገና ሲነሳ ካቴናው ተበጠሰበትና ቁልቁለቱን ብቻ ተማምኖ ተንደርድሮ አንደኛ ወጣ። ሁለቱን ውድድሮች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ጥሩ ነው። ያለ ካቴና ማሸነፍ ተችሏል፤ ያለ ጎማ ግን መጨረስ ብቻ ነበር የተቻለው።

ቸርኬ ከጣሊያንኛ መጥቶ ጋራዥና ጎሚስታ ቤት የቀረ ቃል ነው። በተራራ ብስክሌት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ወይም ከካርቦን ፋይበር ይሠራል። ግራና ቀኙ ላይ ከፍ ብለው የቆሙ ሁለት ቀጫጭን ከንፈሮች አሉት፤ የጎማውን ጠርዝ ይዘው የሚያስቀሩት እነሱ ናቸው። ከመሃል የሚነሱት፣ ብዙውን ጊዜ 28 ወይም 32 የሆኑት ሽቦዎች ደግሞ ከየአቅጣጫው ወጥረው ይይዙታል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ሽቦዎቹ ወጥተው ብቻውን ሲያዝ በእጅ ሲጫኑት ይለመጣል። ጥንካሬውን በአብዛኛው የሚያገኘው ከውጥረቱ ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው በቅጽበት ነው። ብስክሌቱ በፍጥነት ሲወርድ የኋላው ጎማ ጠርዙ የሾለ ድንጋይ ያገኛል። ጎማው ይሰረጉዳል፤ ውስጡ የታመቀው አየር ድንጋዩን መልሶ ይገፋል። አየሩ ከበቃ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ካልበቃ ላስቲኩ በድንጋዩና በከንፈሩ መካከል ይጨፈለቅና ደረቅ፣ ብረት የነካ «ቋ!» የሚል ድምፅ ይወጣል። ይህን ድምፅ የሚያውቅ ነጂ ወርዶ ያያል። ከንፈሩ አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ በታጠፈው በኩል አየሩ እያፏጨ፣ ቀዳዳ እንዲደፍን ጎማው ውስጥ የተጨመረውን ነጭ ፈሳሽ ይተፋል። ጎማው ከመነዳሪ ያለው ከሆነ ደግሞ ከመነዳሪው ሲወጣ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ይገኙበታል፤ እባብ የነከሰው ይመስላል። በብዛት የሚጎዳው የኋላው ነው። የነጂው ክብደት ያመዝንበታል፣ ፊተኛውን በእጅ አንስተው ያሳለፉትን ድንጋይም እሱ ተጎትቶ ይገጨዋል።

እንግዲህ ቸርኬን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው አየር ነው። ታዲያ ጎማውን እስኪደርቅ መንፋት ነዋ! የሚል ይኖራል። የጠነከረ ጎማ ግን በየጠጠሩ ይነጥራል፣ መታጠፊያ ላይ ይንሸራተታል፣ ነጂውን ይጥላል። የሚፈለገው ቸርኬው እስካልተነካ ድረስ በተቻለ መጠን ለስላሳ የሆነ ጎማ ነው፤ ይህ ልክ ደግሞ በ2 ወይም በ3 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ልዩነት የሚገኝና የሚጠፋ ነው። 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 2.4 ኢንች ስፋት ባለው፣ ከመነዳሪ በሌለው ጎማ ከፊት 22፣ ከኋላ 25 ፒ.ኤስ.አይ አድርጎ ቢጀምር መልካም መነሻ ነው። ከዚያ «ቋ!» ሲል በሰማ ቁጥር የኋላውን ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። በአውራ ጣት ተጭኖ «ይበቃል» ማለት እዚህ አያዋጣም፤ 22ን ከ25 ጣት አይለይም። መለኪያ ያስፈልጋል፣ ሁልጊዜም ያው አንዱ መለኪያ፤ ሁለት መለኪያዎች አንድን ጎማ የተለያየ ቁጥር ሊሰጡት ይችላሉና።

ከፍታም አለበት። የአባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ባለችው ጎሃ ጽዮን ጎማውን ለክቶ የነፋ ሰው አባይ ድልድይ እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ታች ያለው ከባቢ አየር ይበልጥ ስለሚጫን፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ መለኪያው ከ1 ፒ.ኤስ.አይ በላይ ቀንሶ ያሳየው ነበር። የሸለቆው ሙቀት በበኩሉ ግፊቱን መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ቤት የተነበበውን ቁጥር ይዞ ተራራ ከመውጣት፣ መንገዱ መነሻ ላይ እንደገና መለካት ይሻላል።

ማቪክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ከሚሼሊንና ከሀቺንሰን ጋር ሆኖ ከመነዳሪ የማይፈልግ የተራራ ብስክሌት ጎማ ሲያወጣ የእባብ ንክሻው ነገር የቀለለ መሰለ። ጎማው ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ራሱ ይደፍናል። ነጂዎች ግን ከመነዳሪው ሲወጣላቸው አየሩን ይበልጥ ቀነሱ፤ ቀድሞ ከመነዳሪው ላይ ያርፍ የነበረው ምት አሁን ከንፈሩ ላይ ያርፋል። ከንፈሩ በጣም ከታጠፈ ደግሞ ጎማው አየር መያዝ ስለማይችል ፈሳሹም አያድነውም።

አየር ለብቻው አልበቃ ሲል እርዳታ የሚመጣው ከሁለት በኩል ነው። አንደኛው ከኋላ፣ ጎኑ የወፈረ፣ ድርብ ጨርቅ ያለው ጎማ ማድረግ ነው፤ ክብደቱ ዳገት ላይ ይሰማል፣ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ግን ይካሳል። ሁለተኛው ቸርኬው ላይ ተጠምጥሞ ጎማው ውስጥ የሚቀመጥ የስፖንጅ ቀለበት ነው። የአሜሪካው ኩሽኮር ከሚያወጣቸው መካከል ከበድ ያለው ለአንድ ጎማ ከ250 ግራም በላይ ይመዝናል፤ እሱን አስገብቶ ጎማውን መግጠም ላብ ያስወጣል። ሽዋልቤ የተባለው የጀርመን ጎማ ሠሪ በዚያው ግዊን በባዶ ቸርኬ በወረደበት ዓመት ያስተዋወቀው ፕሮኮር የስፖንጁን ሥራ በሌላ መንገድ ይሠራል፤ በጎማው ውስጥ በከፍተኛ ግፊት የሚነፋ ትንሽ ጎማ አስቀምጦ፣ ውጪኛው ለስላሳ እንዲሆን ይተወዋል።

የቸርኬው ማቴሪያልም ይለያል። አሉሚኒየም ሲመታ ይታጠፋል፤ ካርቦን ብዙ ይችልና ገደቡ ሲያልፍ ይሰነጠቃል። የካርቦን ቸርኬ ሠሪዎች ይህን አይተው ከንፈሩን እያወፈሩት መጥተዋል። ዚፕ የተባለው ቸርኬ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ስሪ ዜሮ ሞቶ ደግሞ ባለ አንድ ግድግዳ ሆኖ፣ እንደ ቁርጭምጭሚት ወደ ጎን እየተለመጠ ምቱን እንዲያሳልፍ ነው የተሠራው።

ነጂው ራሱ የሚሠራው ግን ከዚህ ሁሉ አይተናነስም። ፍሬን ከድንጋዩ በፊት ይያዛል እንጂ ድንጋዩ ላይ አይያዝም። ጉልበትና ክርን ተላልቶ፣ ሰውነት ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ድንጋዩ ሊደርስ ሲል ብስክሌቱን ቀለል ማድረግ የኋላውን ምት በግልጽ ይቀንሰዋል።

ከጉዞ በኋላ ብስክሌቱን ገልብጦ ጎማውን ቀስ እያሉ ማሽከርከርና ጣትን በከንፈሩ ጠርዝ ማስኬድ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት እየተደረጉ በእጅ ይጨመቃሉ፤ ከሌሎቹ የላላ ካለ ቶሎ ይጠበቃል፣ የላላ ሽቦ ሸክሙን ለጎረቤቶቹ ይጥላልና። አሉሚኒየም ላይ የተገኘች ትንሽ እጥፋት ጎማው ወጥቶ፣ ጨርቅ ተደርጎበት፣ በሚስተካከል ቁልፍ ቀስ ተብሎ ትመለሳለች፤ አየር እስክትይዝ ብቻ እንጂ ፍጹም ቀጥ እስክትል አይደለም፤ ወዲያና ወዲህ የታጠፈ አሉሚኒየም ይሰበራልና። ካርቦን ላይ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ከተገኘ ግን ያ ቸርኬ አይታሸም፣ አይለጠፍም፤ ወጥቶ በሌላ እስኪተካ ብስክሌቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።