ርስት በአባትም በእናትም

«የሴትና የወንድ እኩልነት ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ነው» የሚል ቃል ስለ መሬት ክርክር በተነሣ ቍጥር እንሰማለን። ነገሩን ከራሳችን ማሳ ላይ ቆመን ብንመረምረው ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል።

አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ዛሬ በምዕራብ ጎጃም በምትገኘው በደጋ ዳሞት ከባላገሩ ጋር ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጠና፤ ጥናቱንም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ። ያስረዳውም ርስት የሚቈጠረው በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም መሆኑን ነው። ወንዱም ቢሆን በሴት አያቱ በኩል ርስት ይጠይቅ ነበር። ሆኖም መብት መኖሩ አንድ፥ መሬቱን በእጅ ማስገባት ግን ሌላ ነበር። በክርክር የሚረታው ወገንና ሥልጣን ያለው ነበርና፥ በሬ ጠምዳ የማታርሰው ሴት ድርሻዋ ብዙ ጊዜ በባሏ ወይም በወንድሟ እጅ ይቀር ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትን አስቀርቶ መሬት በፆታ ሳይለይ እንዲሰጥ አዘዘ። ነገር ግን በአፈጻጸሙ ይዞታው በአባወራው ስም ይመዘገብ ስለ ነበር፥ የተፈታች ሴት ባዶ እጅዋን ወደ ወላጆችዋ ቤት የምትመለስበት ጊዜ ብዙ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ በተደረገ ጊዜ ባል የሌላቸው ሴቶች በስማቸው መሬት ካገኙት ወገን ነበሩ። ተቃውሞውም ብርቱ ነበር፤ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ አዲስ አበባ ደረሱ። ይህን ተቃውሞ ግን በማስተዋል መመልከት ይገባል። ብዙዎቹ የተማረሩት «ቢሮክራት» ተብለው መሬታቸው ስለ ተቀነሰ እንጂ ጎረቤታቸው መበለት ስለ ተሰጣት አልነበረም። በአሠራር ላይ የሚነሣ ቅሬታና በሴት መብት ላይ የሚነሣ ጥላቻ አንድ አይደሉም፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው የተበደለውንም ገበሬ፥ የተረዳችውንም ሴት ይበድላል።

ተቃውሞ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። የስዊስ ወንዶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ሴቶች በአገር ምርጫ ድምፅ እንዳይሰጡ ወሰኑ፤ የፈቀዱትም በ1971 ዓ.ም. ነው።

ኋላም በክልላችን የይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀመር፥ የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲጻፍ ተደረገ። እንግዲህ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ አካባቢ የምትኖር አባወራ ሆይ፥ ዛሬ ማታ ደብተሩን ከሣጥን አውጥተህ ከባለቤትህ ጋር ተመልከተው። ስሟ በሚገባ ተጽፎ እንደ ሆነ መልካም፤ ካልተጻፈ ግን በሕይወት ሳለህ አስጽፈው። ያን ጊዜ ልጆችህ ከሞትህ በኋላ እናታቸውን በሸንጎ አያቆሟትም። ይህም እንግዳ ሥርዓት አይደለም፤ አያቶቻችን በእናታቸው በኩል ይሟገቱበት የነበረው መብት ነው።