የግል ኮምፒዩተር ወይስ ክላስተር?

ወደ ቤይሩት አዲስ የሚመጡ የባዮሎጂ ተማሪዎች አዘውትረው ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ፣ ለባዮኢንፎርማቲክስ ሥራ ኃይለኛ ኮምፒዩተር እንግዛ ወይስ በዩኒቨርሲቲው ክላስተር እንጠቀም የሚለው ነው። ክላስተር ማለት በኔትወርክ ተሳስረው ሥራን የሚካፈሉ ኮምፒዩተሮች ስብስብ ሲሆን፣ የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ኦክቶፐስ የተባለ አለው።

በቅድሚያ መጤን የሚገባው የሥራው ስፋት ነው። የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ጂኖም 4.6 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ብቻ ስላሉት ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል፤ ለዚህ ወረፋ መያዝ ጊዜ ማባከን ነው። በአንጻሩ ስታር የተባለው ፕሮግራም የሰውን የአር ኤን ኤ ንባቦች ከጂኖሙ ጋር ለማዛመድ 30 ጊጋባይት ገደማ ሜሞሪ ይጠይቃል። የኛው ጤፍም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የጸደይ ዝርያ ጂኖም 670 ሚሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት፤ በዚያ ላይ ጤፍ ሁለት ተቀራራቢ ጂኖሞችን አጣምሮ ስለያዘ፣ ቁርጥራጮቹን ሲገጣጥሙ የአንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል።

እዚህ አገር ግን ከሜሞሪ ይልቅ የሚያስጨንቀው መብራት ነው። ኦክቶበር 9 ቀን 2021 ዲር ዐማርና ዘህራኒ የተባሉት ኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ አጥተው ሲቆሙ የአገሪቱ መስመር በሙሉ ተቋርጦ ነበር። ቡርጅ ሐሙድ የሚኖር ተማሪ ከሠፈሩ ጄኔሬተር 5 አምፔር ቢከራይ የሚያገኘው 1,100 ዋት ያህል ነው። (ጀበና በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲጣድ ፊውዙ እንደሚወድቅ የማያውቅ በመካከላችን የለም!) አንድ ጓደኛችን ለሦስት ቀን ሲያስኬደው የሰነበተውን ሥራ ያጣው፣ ከመንግሥት መስመር ወደ ጄኔሬተር ሲዛወር መብራቱ ለጥቂት ሰከንዶች በመጥፋቱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉንም በቀኑ ሳያስረክብ ቀረ።

ስለዚህ ለትልልቅ ሥራ ገንዘባችሁን ለኃይለኛ ኮምፒዩተር አታውሉት እንላለን። መጠነኛ ላፕቶፕ ገዝታችሁ፣ በአማካሪ መምህራችሁ በኩል የክላስተር ፈቃድ ጠይቁ። በወረፋ አስያዡ ፕሮግራም በኩል የተላከ ሥራ፣ ቤታችሁ መብራትም ኢንተርኔትም ቢጠፋ አይቆምም። ወረፋው ግን ሊረዝም ይችላል፤ ለአንድ ሥራ የተፈቀደው ሰዓት ሲያልቅም ሥራው ስለሚቋረጥ ውጤቱን በየደረጃው መዝግቡ።

መረጃውን ከቤት በኢንተርኔት ለመላክ አትድከሙ። መስመሩ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢያሳልፍ እንኳ 60 ጊጋባይት ከ26 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ዲስኩን በቦርሳ ይዞ በሰርቪስ ሐምራ ወርዶ ከግቢው ኔትወርክ መገልበጥ ይፈጥናል።