ስማቸውን በሥራቸው ላይ ያተሙት የሞተር ብስክሌት ባለሙያ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው ጐዳና፣ ከሰበታ አልፎ በተፍኪ፣ የሞተር ብስክሌትና የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጥ ባለሱቅ፣ ደንበኛው ዋጋ ከመጠየቁ አስቀድሞ «የማን ሥራ ነው?» ሲል ሳይሰማ አይውልም። ጥያቄው አጭር ቢሆንም ገዥው ገንዘቡን የሚያወጣው በመልሱ ላይ ተማምኖ ነው። የአንድ ሠራተኛ ስም እንዴት የንግድ ሀብት ሊሆን እንደሚችል፣ በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው ያረፉት አሜሪካዊው የሞተር ብስክሌት ባለሙያ ሚስተር አርለን ኔስ በሕይወታቸው አሳይተዋል።

የሚስተር ኔስ ሙያ፣ ከፋብሪካ የወጣውን ሞተር ብስክሌት ፈትቶ፣ ሻንሲውን ቈርጦና አስረዝሞ፣ የቤንዚን መያዣውንና መሪውን ለውጦ፣ ቀለሙንም አሳምሮ፣ በዓለም ላይ ወንድም የሌለው አድርጎ መሥራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በሙርሄድ ከተማ ተወልደው፣ ሙያቸውን ያካሄዱት በካሊፎርንያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ባሉት ከተሞች ነው። በወጣትነታቸው የቤት ዕቃ በማጓጓዝና በአናጢነት ይሠሩ ነበር። ቦውሊንግ በተባለው ጨዋታ እየተወዳደሩ ካገኙት ገንዘብ ቈጥበው፣ በ1947 የተሠራ አሮጌ ሃርሊ ዴቪድሰን በ300 ዶላር ገዙ።

ሁለተኛ የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ያንኑ አንዱን ሞተር ብስክሌት ደጋግመው ፈትተው፣ በየጊዜው አዲስ መልክ ሰጡት። ሥራቸው በትርዒትና በመጽሔት እየታየ ስማቸው ተሰማ። ጐረቤቱና መንገደኛውም «ለእኔም እንዲሁ ቀቡልኝ» እያለ ከቤታቸው ደጃፍ ይመጣ ጀመር። ከዚህም የተነሣ በሳን ሊያንድሮ ከተማ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ።

ነጋዴ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር ከዚህ ይጀምራል። አንድ ሙሉ ሞተር ብስክሌት በትእዛዝ መሥራት ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ሠሪው የቱን ያህል ቢተጋ በዓመት የሚያስረክበው ጥቂት ነው። ሚስተር ኔስ ግን ደንበኞች አብዝተው የሚወዱላቸውን አንድ ክፍል፣ ይኸውም እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘውን መሪ፣ ለብቻው አበጅተው ለገበያ አቀረቡ። ሙሉውን ሞተር ብስክሌት ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው መሪውን ገዝቶ በራሱ ላይ ገጠመው። ከመሪውም ወደ ሌሎች መለዋወጫዎች ተሻግረው፣ ዕቃዎቻቸውን በካታሎግ እያሳወቁ ለሌሎች ሱቆችም የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ሆኑ። ልጃቸው ኮሪና የልጅ ልጃቸው ዛክም ሙያውን ወርሰው በዚሁ ሥራ ተሰማሩ።

ስማቸውን ከሥራቸው ለይተው አያውቁም ነበር። ከታወቁት ሥራዎቻቸው መካከል «ስሙዝ ኔስ» እና የ1957 ሸቭሮሌት አውቶሞቢልን መልክ ተከትሎ የተሠራው «ኔስታልጂያ» በስያሜያቸው ውስጥ የሠሪውን ስም ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የሞተር ብስክሌተኞች የክብር መዝገብ ውስጥ ገቡ። በኋላም ፖላሪስ የተባለው ኩባንያ እስከ 2017 ድረስ ያካሂደው የነበረው የቪክቶሪ ሞተር ብስክሌት ፋብሪካ፣ በስማቸው የተሰየሙ ሞዴሎችን ሠርቶ ሸጧል።

ከዚህ የተለየ ዕድል የገጠማቸው ባለሙያም ነበሩ። በሎስ አንጀለስ ከተማ የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ጋራዥ የነበራቸው ሚስተር ቤንጃሚን ሃርዲ፣ ከክሊፎርድ ቮስ ጋር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ለታየው «ኢዚ ራይደር» ለተባለው ፊልም የሚነዱትን ሞተር ብስክሌቶች ከአሮጌ የፖሊስ ሃርሊዎች ሠሩ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ታየ፤ የሞተር ብስክሌቶቹም ቅርጽ በብዙ አገር ተቀዳ። የሠሪዎቹ ስም ግን በፊልሙ ላይ ከተዘረዘሩት ሠራተኞች መካከል አልነበረም፤ ለብዙ ዓመታትም ሥራው የማን እንደሆነ ያወቀ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከእነዚሁ አንዱ ነው የተባለ ሞተር ብስክሌት በጨረታ 1.35 ሚሊዮን ዶላር ሲያወጣ፣ እውነተኛው እርሱ ነው አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ። ሠሪው ምልክቱን አትሞበት፣ መዝገብም ይዞለት ቢሆን ኖሮ፣ ክርክሩ ባጠረ ነበር።

በአገራችንም አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ሥራቸው በየቤቱ ሲፈለግ ስማቸው በበጎ የማይነሣበት ዘመን ረጅም ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ መከልከላቸው የነገሩን ክብደት ያመለክታል። ዛሬም ቢሆን ለባጃጅ ሸራ የሚሰፋው፣ ለሞተር ብስክሌት የዕቃ መጫኛ የሚበይደውና መቀመጫ የሚያለብሰው ባለሙያ፣ ብዙ ጊዜ ሥራውን ያለ ምልክት ያስረክባል። በማግሥቱም ሌላው ያንኑ በተናነሰ ብረት አስመስሎ ቢሸጥ፣ የመጀመሪያው የሚከራከርበት ማስረጃ የለውም።

ሕጉ ግን መንገዱን ከፍቷል። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ ምልክት ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። አዲስ የሆነ የዕቃ ቅርጽ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት በኢንዱስትሪያዊ ንድፍነት ለ5 ዓመት ሲጠበቅ፣ ለሁለት ተጨማሪ 5 ዓመታት ሊራዘም ይችላል። ምዝገባውን የሚያከናውነው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

በዚህ ረገድ የባለሱቁ ድርሻ ቀላል አይደለም። ከአካባቢው ጋራዥ ዕቃ የሚረከብ ነጋዴ የሠሪው ምልክት እንዲታተምበት ቢጠይቅ፣ ዕቃው ቢሰበር የሚመልስለትን ሰው ያውቃል፤ ዕቃው ቢወደድም ደንበኛው ያንኑ ስም እየጠራ ተመልሶ ይመጣል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአባቶች ቃል በገበያም ይሠራል። ሚስተር ኔስ ባረፉ ጊዜ ለቤተ ሰባቸው ያወረሱት ከመሣሪያውና ከሱቁ ይልቅ ገዥው የሚያውቀውን ስም ነበር፤ እርሱም የተጀመረው በ300 ዶላር በተገዛ አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው።