የጣና ዳር ሁለቱ የአበባ ወራት

ጳጉሜን ሲገባ ባሕር ዳር ላይ የዝናቡ ጠባይ ይለወጣል። ሐምሌና ነሐሴን ቀኑን ሙሉ ሲያወርድ የከረመው ሰማይ ጠዋት ጠዋት መጥራት ይጀምራል፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነጎድጓድ አሰምቶ፣ ጥሎ ይሄዳል። ጭቃው ሳይደርቅ፣ ዓባይም ገና ደፍርሶ ሳለ፣ በየማሳው ዳርና በየገደሉ አፋፍ አደይ አበባ ይፈነዳል። በጎንደር መንገድ ወጥቶ ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ የሚያቀና ሰው በእነዚህ ሳምንታት ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ቢጫ አይቶ አይጠግብም። እኔም ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ይህንን ጊዜ ነው።

ስለ ወቅቱ ስም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን መስከረምን «ጸደይ» ማለት ለምደናል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ሲሆን፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ክርክሩ አያስቸግርም፤ እዚህ ሁለት የአበባ ወራት አሉና። አንዱ የአደይ ነው። ሌላው የበጋው ድርቀት በመጀመሪያዎቹ ካፊያዎች ሲሰበር በዘጌ ደን ውስጥ የሚታየው የቡና አበባ ነው፦ በረዶ የመሰለ ነጭ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ፣ ቢበዛ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚቆይ። ለዘጌ ጉዞ ቀን የሚመርጥ ሰው ገዳማቱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ቢያስብ መልካም ነው።

አደይ የሱፍና የኑግ ዘመድ ነው። የሳይንስ ሰዎች ባይደንስ ከሚሉት ወገን ይመድቡታል፤ ቃሉ «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከዘሩ ጫፍ ላይ ከሚወጡት ሹል ጸጉሮች ነው። አደይ ብለን የምንጠራውም አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ የሚመሳሰሉ ብዙ ናቸው። መች ከሚባለው አበባ ጋር የሚያምታታውም ሰው ጥቂት አይደለም። ጥቅምት ላይ ደግሞ ኑጉ በተራው ሲያብብ የጎጃም ማሳዎች እንደገና ቢጫ ይለብሳሉ፤ ንቦቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማርም ከእነዚሁ አበቦች የተቀሰመ ነው።

የአደይ ኑሮ የአንድ ዓመት ነው። ዘሩ በመጸው ረግፎ በጋውን በደረቅ አፈር ውስጥ ያሳልፋል፤ ዝናብ ሲጥል ይበቅላል፤ ክረምቱን ሙሉ ሳር መሐል ተደብቆ ያድግና ዝናቡ ሊወጣ ሲል ያብባል። በአውሮፓ የጸደይ መጀመሪያ አበቦች፣ ቱሊፕና ናርሲስ፣ በደንብ ለማበብ ለሳምንታት መበረድ አለባቸው። እዚያ ብርዱ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው የክረምት ዝናብ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ባሕር ዳር ቱሊፕ ተክሎ መጠበቅ ልፋት ነው፤ ቡገንቪላ፣ ጽጌረዳና ጀራኒየም ግን ብዙም አያስቸግሩም።

ቤት ውስጥ አበባ የማስገባት ልማዳችን ከበዓሉ ጋር የተሳሰረ ነው። በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ልጃገረዶች አበባዮሽ እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ወንዶቹ ልጆች የአበባ ሥዕል ያበረክታሉ። በጎጃም ደግሞ እንግጫ ነቀላ አለ። ልጃገረዶቹ እንግጫውን ከመስክ ነቅለው ይጎነጉኑታል፣ አደይ ይሰኩበታል፣ ከቤቱ ምሰሶም ያስሩታል። የአበባ ማስቀመጫ ዕቃ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን ምሰሶው ራሱ ማስቀመጫ ነበር፤ በእኔ ዓይን ከየትኛውም ብርጭቆ ይበልጣል። መስከረም 16 ቀን ደመራው አናት ላይ የሚታሰረውም ይኸው አደይ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 የዘመነ ጽጌ ቀናት ደግሞ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት መታሰቢያ በአበባ ምሳሌ ይዜማል።

ቆርጦ ማቆየትን በተመለከተ፦ አደይ ቶሎ ይጠወልጋል። ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ፣ ገና ግማሹ ያልፈነዳውን መርጦ መቁረጥ፣ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ማራገፍ፣ ውኃውንም በየቀኑ መቀየር ነው።

ስለ አንድ አበባ ግን ማስጠንቀቅ አለብኝ። የእምቦጭ አበባ እጅግ ያምራል፤ ፈዛዛ ወይን ጠጅ፣ ከላይኛው የአበባ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዓይን ያለው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በዓለም የተሠራጨውም በአብዛኛው ውበቱን የወደዱ ሰዎች ለኩሬያቸው እየወሰዱት ነው። ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ዛሬ የዓሣ አጥማጁን መረብና የታንኳውን መንገድ የዘጋው እሱ ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ለፎቶ ቢያምርም ቤት ይዞ መግባት አይገባም።

የሚያሳስበኝ ግን አደዩ ነው። ራሱ በቅሎ ራሱ ስለሚመጣ የሚያልቅ አይመስለንም፤ ቆርጠን እናስገባለን እንጂ ዘር አናስቀምጥም። የሚበቅልበት ያልታረሰ ዳር ግን ከተማው በሰፋ ቁጥር ቤትና አጥር እየሆነ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። አበባው ረግፎ ራሱ ሲጠቁርና ሲደርቅ ዘሩን አራግፎ በወረቀት መጠቅለል፤ ሰኔ ሲገባ ከአጥር ሥር በትኖ አፈር በስሱ ማልበስ፤ ፍግ አያስፈልገውም። ክረምቱን ሣር ሲታጨድ ያችን ዳር መተው ብቻ ነው።

እኛ ቤት ሁለት እርምጃ የምትሆን ዳር ተውን። ባለፈው መስከረም የሠፈሩ ልጆች አበባዮሽ ሊሉ ሲመጡ፣ የያዙትን አደይ የቀጠፉት ከዚያችው አጥር ሥር ነበር።